ሱፍ ከአጥር ጥግ ይውጣ

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላሉ አበው። ርቆ ቢሆን ኖሮ አገር አቋርጠን የምንሄድለትን ነገር፣ ደጃችን ላይ ስለሆነ ብቻ ዋጋ ሳንሰጠው እንቀራለን ለማለት ነው። በክልላችን ወረዳዎች ለሥራ ስንዘዋወር ይህን አባባል ደጋግሞ የሚያስታውሰን አንድ ተክል አለ፤ የሱፍ አበባ። ክረምቱ ሲወጣ በአጥር ጥግ፣ በፍግ ክምር ዳር፣ በበቆሎ ማሳ ጠርዝ ላይ አንድም ሁለትም ሆኖ ቆሞ ይታያል። ብዙ ጊዜ ሆን ብሎ የዘራው ሰው የለም፤ ካለፈው ዓመት የወደቀ ፍሬ በራሱ ጊዜ የበቀለ ነው። አበባውን ልጆች ይቀጥፉታል፣ ፍሬውን ወፎች ይለቅሙታል፣ አገዳው ደርቆ ማገዶ ይሆናል። የዐቢይ ጾም ሲገባ ግን የዚያው ቤት እመቤት ለፍትፍት የሚሆን ሱፍ ለመግዛት ገንዘብ ይዛ ገበያ ትወጣለች።

የዛሬው መልእክታችን አጭር ነው። የሱፍ አበባ በጓሯችን ታስቦበትና ቦታ ተመድቦለት ሊዘራ ይገባል። ከአንድ ትንሽ መደብ ላይ ለማዕድ፣ ለንብ፣ ለዶሮና ለዓይን በአንድ ጊዜ የሚተርፍ ተክል ብዙ የለም። ይህን ስንል ግን የማይሰጠውን ይሰጣል ብለን አርሶ አደሩን ተስፋ ልናስቆጥር አንፈልግም። የሚሰጠውና የማይሰጠው ተለይቶ ሲነገር ነው ምክሩ የሚጠቅመው።

በቅድሚያ ስሙን እናጥራ። «ሱፍ» የሚለው ስም በአገራችን ለሁለት የተለያዩ ተክሎች ይሰጣል። አንደኛው ከጥንት ጀምሮ በአርሶ አደራችን ማሳ የኖረው፣ ቅጠሉ እሾሃማ፣ አበባው አነስ ያለና ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ፣ ፍሬው ነጭ የሆነው ሱፍ ነው። ሁለተኛው ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ የአበባው ራስ እንደ ሰሃን የተዘረጋ፣ ፍሬው ጥቁር ወይም ዥንጉርጉር የሆነው፣ አንዳንዶች «የፈረንጅ ሱፍ» የሚሉት የሱፍ አበባ ነው። ሁለቱም ለፍትፍት ይውላሉ፤ ከሁለቱም ዘይት ይጨመቃል። ኑግም ሆነ የመስከረሟ አደይ አበባ ከእነዚህ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ዛሬ የምናወራው ስለ ሁለተኛው፣ ስለ ትልቁ የሱፍ አበባ ነው።

ይህ ተክል ትውልዱ ሰሜን አሜሪካ ነው። የዚያ አካባቢ ነባር ሕዝቦች ከ4 ሺህ ዓመታት በፊት ጀምረው አልምተውታል፤ ፍሬውን ፈጭተው ይበሉት፣ ዘይቱንም ይጠቀሙበት ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔናውያን ወደ አውሮፓ ሲወስዱት ግን ለረጅም ጊዜ የአትክልት ቦታ ጌጥ ብቻ ሆኖ ቆየ። ወደ ማሳ መልሰው ያወጡት ሩሲያውያን ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት በሩሲያ የሱፍ ዘይት መጨመቅ ተጀመረ። እንደ እኛው ቅቤና ወተት የሚከለክል ረጅም ጾም ላለው የኦርቶዶክስ ሕዝብ ከተክል የሚገኝ ዘይት ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ ሩሲያና ዩክሬን በሱፍ አበባ ምርት ከዓለም ቀዳሚዎቹ ናቸው። ጌጥ ተብሎ የተተከለ አበባ የአገር ሀብት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ታሪክ እንረዳለን።

ሱፍ ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወዲያው ወደ ዘይት መሄዱ ተገቢ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲቀሰቀስ የሱፍ ዘይት ዋጋ በዓለም ገበያ ሰማይ ነካ። በዚያው ዓመት ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ለሳምንታት ስታግድ ችግሩ ተባባሰ። ከሚጠቀመው የምግብ ዘይት አብዛኛውን ከውጭ የሚያስገባ አገር እንዲህ ያለው ንፋስ በቀጥታ ሌማቱን ይመታዋል። በክልላችንም በቡሬና በደብረ ማርቆስ ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎች የተገነቡት ይህን ጥገኝነት ለመቀነስ ነው። ፋብሪካ ደግሞ ያለ ቅባት እህል ሊሠራ አይችልም።

ይሁን እንጂ ሒሳቡን በሐቅ እንሥራው። ከአንድ ሄክታር ከ10 እስከ 15 ኩንታል የሱፍ ፍሬ ቢገኝ፣ 20 ካሬ ሜትር ከሆነ የጓሮ መደብ የሚገኘው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ነው። ለዘይት ተብለው የተሻሻሉ ዝርያዎች ከፍሬያቸው ክብደት 40 በመቶና ከዚያ በላይ ዘይት ይይዛሉ፤ በትንሽ መጭመቂያ ግን ሁሉም አይወጣም። በመሆኑም ከ20 ካሬ ሜትር የሚገኘው ዘይት ቢበዛ አንድ ሊትር ገደማ ነው። የዘይት ጥያቄ የሚመለሰው በማሳ፣ በክላስተርና በፋብሪካ ትስስር ነው። «ጓሯችሁ ላይ ሱፍ ዝሩ፣ ዘይት መግዛት ታቆማላችሁ» የሚል ባለሙያ ካለ የአርሶ አደሩን አመኔታ ያጣል። ታዲያ ሱፍን ጓሮ ውስጥ ለምን እንፈልገዋለን?

የመጀመሪያው መልስ ማዕድ ነው። በሊትር ሲለካ ትንሽ የሆነው 2 ወይም 3 ኪሎ፣ በፍትፍት ሲለካ ትንሽ አይደለም። ፍሬውን አመስ አድርጎ፣ ወቅጦ ወይም ፈጭቶ፣ በውኃ በጥብጦና አጥልሎ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ዝንጅብል ጨምሮ እንጀራ መፈትፈት ለእናቶቻችን የሚነገር ትምህርት አይደለም። አንድ ቤተሰብ ለአንድ ጊዜ ፍትፍት የሚያስፈልገው በእፍኝ የሚቆጠር ስለሆነ፣ ከትንሽ መደብ የተሰበሰበው ፍሬ ብዙ የጾም ቀናትን ይሸፍናል። የተፈለፈለ የሱፍ ፍሬ 20 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው፤ በቫይታሚን ኢ የበለጸገ፣ ጤናማ የሚባለው ቅባት ያለበት ነው። በዓመት ከ180 የማያንሱ ቀናት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል በማይቀመስበት ቤት፣ በተለይም የምታጠባ እናት ባለችበት ቤት፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው መልስ ንብ ነው። ማር በክልላችን ለብዙ ቤተሰብ የኪስ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የልጆች ደብተርና የማዳበሪያ መግዣ ነው። በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ከወተት፣ ከዶሮና ከእንቁላል ጎን ለጎን ማርን ዋና ጉዳዩ አድርጓል። ሆኖም ዘመናዊ ቀፎ ማከፋፈል ብቻውን ማር አይሰጥም፤ ንብ የምትቀስመው አበባ ይፈልጋል። በመስከረምና በጥቅምት አደይ አበባውም ኑጉም ስላለ ንቦች ይጠግባሉ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ከጥር ጀምሮ ምድሩ ሲደርቅ ንብ የምትቀስመው ታጣለች፤ የተራበ መንጋ ይዳከማል፣ ቀፎውንም ጥሎ ይሄዳል። በመስኖ ወይም በእጅ ውኃ በኅዳር የተዘራ የሱፍ አበባ ግን እንደ አየሩ ሁኔታ በጥርና በየካቲት ያብባል። አንድ የአበባ ራስ ደግሞ ለቀናት የሚዘልቅ ማዕድ ነው።

እንዴት ቢባል፣ አንድ አበባ ብለን የምንጠራው በእርግጥ አንድ አበባ አይደለም። ዙሪያውን ያሉት ቢጫ ቅጠል መሳዮች ጥሪ አድራጊዎች ናቸው። መሐል ላይ ያለው ክብ ግን እጅግ ብዙ ጥቃቅን አበቦች ተጠጋግተው የተደረደሩበት ነው። እያንዳንዷ ትንሽ አበባ የራሷ የአበባ ማርና ጽጌ ብናኝ አላት፤ ከጠርዝ ወደ መሐል በየተራ ይከፈታሉ፤ እያንዳንዷም ከተራከበች አንድ ፍሬ ትሆናለች። በዚህ ምክንያት ንብ ለሱፍ፣ ሱፍም ለንብ ባለውለታ ናቸው። ንብ በደንብ የጎበኘችው ራስ ፍሬው ሙሉ ሲሆን፣ ያልጎበኘችው ግን መሐሉ ገለባ ሆኖ ይቀራል። ቀፎ ያለው ሱፍ ቢዘራ፣ ሱፍ የዘራም ጎረቤቱ ቀፎ ቢኖረው ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ሦስተኛው መልስ የጓሮው ሌላ ቤተሰብ፣ ዶሮና ከብት ነው። ለምግብ የማይመረጠው ደቃቅ ፍሬ ለዶሮ ይሆናል። ፍሬው የተራገፈለት ራስ ለከብትና ለፍየል ይቀርባል። ዘይት የሚያስጨምቅ ቤት ካለ ፋጉሎው ለወተት ላምና ለሚደልብ በሬ ጥሩ መኖ ነው። አገዳው ይደርቅና ማገዶ ወይም ለቲማቲም መደገፊያ እንጨት ይሆናል፤ አመዱም በፖታሽየም የበለጸገ ስለሆነ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ቢመለስ አፈሩን ይክሳል። ከዚህ ተክል የሚጣል ነገር የለም ማለት ይቻላል።

አራተኛው መልስ በግብርና ዓምድ ላይ እምብዛም የማይነሳ ነው፤ ውበት። አንዳንዶች «ድሃ ገበሬ አበባ ምን ያደርግለታል?» ሊሉ ይችላሉ። ይህ የአርሶ አደሩን ቤት ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ለቡና ቄጤማ የሚጎዘጉዝ፣ ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ የሚለቅም፣ ግድግዳውን በቀለም አፈር የሚለቀልቅ ሕዝብ ውበትን ከእንጀራ ለይቶ አያየውም። ሰው ደጁ ሲያምር ደጁን ይጠብቃል፤ የሚጠበቅ ጓሮም ምርቱ ይበዛል። የሱፍ አበባ ውበት ደግሞ ውኃና ጉልበት የሚበላ አይደለም። በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ከሰው ቁመት በላይ ወጥቶ፣ ሳይገረዝና ሳይከረከም የሚታይ ነገር ይሆናል። ልጆችም ዘርተውት ዓይናቸው እያየ ስለሚያድግ ከእርሻ ጋር የሚተዋወቁበት ጥሩ መምህር ነው።

ስለ ፀሐይ መከተሉ ሁሉም ሰው ያወራል፤ ነገሩ ግን በከፊል ብቻ እውነት ነው። ፀሐይዋን ጠዋት ከምሥራቅ እስከ ማታ ምዕራብ የሚከተለው ገና በማደግ ላይ ያለ ተክል ነው፤ ሌሊት ተመልሶ ወደ ምሥራቅ ይዞራል። ጎልምሶ ሲያብብ መዞሩን ያቆምና ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ምክንያቱን አሳይቷል። ወደ ምሥራቅ የዞረ ራስ በጠዋት ፀሐይ ቶሎ ስለሚሞቅ፣ በግድ ወደ ምዕራብ ከተዞረው ይልቅ አምስት እጥፍ ንቦችን ስቧል። ይህ ለጓሮ ባለቤት ጠቃሚ ምክር አለው። ሱፉን በግቢው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ከዘራነው አበባው ፊቱን ወደ ግቢያችን ያዞርልናል፤ በምሥራቃዊው ጠርዝ ከዘራነው ግን የምናየው ጀርባውን ነው።

አዘራሩ ከባድ አይደለም። በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሴንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ማራቅ፣ ዘሩን ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መቅበር ነው። በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሁለት ፍሬ ጥሎ፣ ሲበቅል ደካማውን መንቀል ይሻላል። በዚህ ስሌት 20 ካሬ ሜትር 100 ገደማ ተክል ይይዛል፤ የሚያስፈልገው ዘርም አንድ እፍኝ አይሞላም። ሥሩ ወደታች ጠልቆ ስለሚሄድ ዝናብ ቢያጥር ከብዙ የጓሮ አትክልት በተሻለ ይቋቋማል። የማይችለው ውኃ የሚተኛበትን መሬት ነው። ስለዚህ በዋልካ አፈር ላይ ከፍ ያለ መደብ ሊሠራለት ይገባል። በዝናብ የሚዘራ ከሆነ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ባለው ጊዜ ቢዘራ፣ አበባው ዝናቡ በሚቀንስበት በመስከረም ስለሚፈካ ራሱ በእርጥበት የመበስበስ ዕድሉ ይቀንሳል።

ጥንቃቄዎችም አሉ። የሱፍ ሥርና ቅሪት የሌሎችን ተክሎች እድገት የሚያቀጭጭ ንጥረ ነገር ስላለው ከድንችና ከባቄላ መደብ ቢያንስ አንድ ሜትር ማራቅ ይመከራል። ቁመቱ ጥላ ስለሚጥል መሐል ጓሮ ሳይሆን ጠርዝ ላይ መሆን አለበት። በአንድ ቦታ በየዓመቱ ከተዘራ የዋግና የመበስበስ በሽታዎች አፈሩ ውስጥ ስለሚከማቹ ከ3 እስከ 4 ዓመት ማፈራረቅ ተገቢ ነው። ባበበበት ወቅት ፀረ ተባይ ኬሚካል መርጨት ንቦችን መፍጀት ነውና ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ፍሬው ሲጎመራ ወፍ እንዳይጨርሰው ራሱን በስስ ጨርቅ ወይም በአሮጌ ነጠላ መሸፈን ይቻላል። የራሱ ጀርባ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ ሲለወጥ ደርሷል ማለት ነው። ተቆርጦ፣ ጥላ ባለበት አየር በሚገባበት ቦታ ተሰቅሎ፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ ይወቃል። ሳይደርቅ የተከማቸ ፍሬ ይሻግታል፤ ለምግብም ለዘርም አይሆንም።

ይህ ሁሉ ጥቅም እያለው ሱፍ ለምን ከአጥር ጥግ አልወጣም? በእኛ እምነት ዋናው ምክንያት አርሶ አደሩ አይደለም። የእርሻ ሪፖርታችን የሚናገረው በሄክታርና በኩንታል ነው። 20 ካሬ ሜትር በሪፖርት ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ የላትም። በሪፖርት የማይገባ ነገር ዕቅድ ውስጥ አይገባም፤ ዕቅድ ውስጥ ያልገባ ሰብል ደግሞ ዘር አይመጣለትም። የሱፍ ዘር በጆንያ ለሚገዛ ባለሀብት ሊገኝ ይችላል፤ አንድ እፍኝ ለምትፈልግ እመቤት ግን የሚሸጥላት የለም። በዚህም የተነሳ በየጓሮው የሚበቅለው ዝርያው ያልታወቀ፣ በየዓመቱ እየተዳቀለና እየደቀቀ የመጣ ፍሬ ነው። ጓሮ ደግሞ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ያለ መሬት ነው። የጓሮን ምርት አለመቁጠር የሴቶችን ሥራ አለመቁጠር መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በአገራችን የምርምር ተቋማት የተለቀቁ፣ እንደ ራሺያን ብላክና ኦይሳ ያሉ የሱፍ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ ለአካባቢው የሚስማማውን በወረዳ ችግኝ ጣቢያዎችና በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት አባዝቶ፣ በትንንሽ ፖስታ እያሸጉ ከጎመንና ከካሮት ዘር ጋር ማከፋፈል ይቻላል። ባለሙያዎቻችንም እናቶችን ሲመክሩ አንድ ነገር ሊያስረዱ ይገባል። ከዲቃላ ዝርያ የተሰበሰበ ፍሬ ተመልሶ ሲዘራ እንደ እናቱ አይሆንም፤ ዲቃላ ካልሆነ ዝርያ ግን ትልልቅና ጤነኛ ራሶችን መርጦ ለቀጣይ ዓመት ዘር ማስቀመጥ ይቻላል። የንብ ሀብት ባለሙያውና የሰብል ባለሙያው ደግሞ በተለያየ ቀን ሄደው የተለያየ ነገር ከሚነግሩ፣ ቀፎ በሚሰጥበት ቤት የሱፍ ዘርም አብሮ እንዲሰጥ ቢመካከሩ ውጤቱ ይታያል።

«መሬቴ ጠባብ ነው፤ ሽንኩርትና ቃሪያ ይቅደም» የሚል አርሶ አደር ትክክል ነው። ሽንኩርቱን ነቅሎ ሱፍ እንዲዘራ የሚመክረው የለም። ነገር ግን በየጓሮው የአጥር ሥር፣ የመንገድ ዳር፣ የቦይ ጠርዝ፣ ከብት የማይገባበት ጥግ አለ። ሱፍ የሚፈልገው ይህንን ነው። ከመሬት በላይ የሚጠይቀው ሐሳብን ነው፤ የት እንደሚዘራ፣ መቼ እንደሚዘራ፣ ለምን እንደሚዘራ አስቀድሞ መወሰን። ለከተማ ነዋሪዎችም መልእክቱ ያው ነው። በትምህርት ቤቶች፣ በጤና ጣቢያዎችና በመሥሪያ ቤቶች ቅጥር ግቢ ለጌጥ ብቻ ከሚተከለው ጎን አንድ መስመር ሱፍ ቢዘራ፣ ተማሪው ይማርበታል፣ ንቧ ትቀስምበታለች፣ ግቢውም ያምራል።

ክረምቱ ደጃፋችን ላይ ነው። የሰኔ መጨረሻ እስኪደርስ ለመሰናዳት በቂ ጊዜ አለ፤ ቦታ መምረጥ፣ ፍግ ማውጣት፣ ከጎረቤትም ቢሆን ጥሩ ዘር መለመን ይቻላል። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች በዚህ ዓመት የጓሮ አትክልት ዕቅዳቸው ውስጥ ሱፍን አንድ መስመር ይስጡት፤ ባለሙያዎች ትንሿን መደብም ይቁጠሯት። እመቤቶቻችንም በሚመጣው ጾም የሱፉን ፍትፍት ከገበያ ሳይሆን ከገዛ ጓሯቸው ያቅርቡ።